የበጎ ፈቃድ ዓመታችን አልቆ ጣና ዳር ስንቀመጥ፦ እናንተ እንዳትደግሟቸው የምፈልጋቸው ስህተቶች

ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጣና ዳር አንድ ዋርካ ሥር ክብ ሠርተን ተቀምጠን ነበር። 11 ነን። ዓመቱን ስንጀምር 14 ነበርን፤ ሦስቱ ሥራ አግኝተው ከባሕር ዳር ወጥተዋል። የአገልግሎት ዓመታችን አልቋል። የቀረን ምን ሠራን ብሎ መነጋገር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት በቁጥር አለቀ። ስንት ቤት አደስን፣ ስንት ችግኝ ተከልን፣ ስንት ልጅ አስጠናን። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይመዘግባል። ደስ ብሎናል። ከዚያ ከመካከላችን ዝምተኛዋ ልጅ «የእማማ ጣራ እኮ ያፈሳል» አለች። ማታ ዝናብ ጥሎ ነበር። ጠዋት ልትጠይቃቸው ጎራ ስትል አልጋቸው ራስጌ ባልዲ ተደቅኖ አየች። እኛ ያደስነው ቤት ነው። በዝርዝራችን ላይ መጀመሪያ የጻፍነው ቤት።

ለትንሽ ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ያወራነው ስለ ስህተቶቻችን ነው። ከዓመቱ ሁሉ እኔ የምወደው ያን ማታ ነው። በዚህ ክረምት ቲሸርት ለብሳችሁ የምትጀምሩ ብዙ ናችሁና ያወራነውን ልጽፍላችሁ። ስህተቶቹ የእኛ ናቸው። በሌሎች ቡድኖችም ግን ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ።

ጭቃ ቤት በሐምሌ መምረግ

የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚሞቀው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ ክረምት ሲገባ ነው። ባሕር ዳር የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ምርግ ለመድረቅ ፀሐይ ይፈልጋል። እኛ የእማማን ግድግዳ የመረግነው በሐምሌ ሦስተኛው ሳምንት ነው።

ጭቃው ራሱም አልደረሰም ነበር። የምርግ ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውኃ እየተጨመረበት፣ ቀናት ተኝቶ መብላላት አለበት። ጭዱ ሲለሰልስና ሲብላላ ነው ጭቃውን የሚይዘው። እኛ ቅዳሜ አቡክተን እሑድ ለጠፍነው። ሰኞ ለሪፖርት ፎቶ ያስፈልግ ነበር። መስከረም ሳይጠባ ተሰነጣጠቀ። ኅዳር ላይ ከታች በኩል መርገፍ ጀመረ።

ጣራውንም ራሳችን ነን የመታነው። የቆርቆሮ ምስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፤ ውኃው የሚወርደው በጎድጓዳው በኩል ስለሆነ። እኛ ብዙውን ጎድጓዳው ላይ መታነው። መዶሻ ለጨበጠ ጀማሪ እዚያ መምታት ይቀላል። በሰፈሩ ሁለት አናጺዎች ነበሩ። አንዳቸውን እንኳ አልጠራንም። ከዓመት በኋላ አንዱን ስናገኛቸው «ብትነግሩኝ እሑድ ወጥቼ በነጻ እመታላችሁ ነበር» አሉን። ይህን ስሰማ ያዘንኩትን ያህል በዓመቱ ውስጥ አላዘንኩም።

ስለዚህ ጣራን በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ ጨርሱ። ምርጉን ከጥቅምት ጀምሮ አድርጉት። በሐምሌ የሚሠራ ሥራም አለ። የትኛው ቤት የት እንደሚያፈስ በደንብ የሚታየው በሐምሌ ነው። ደብተር ይዛችሁ ዙሩ፣ መዝግቡ፣ ቆርቆሮና ምስማር አሰባስቡ። የማይጠብቅ ቤት ካለ ጣራውን ለጊዜው ወፍራም ላስቲክ አልብሱትና ለበጋው ቅጠሩት። አናጺ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አብሯችሁ ይሁን።

ደንገሉን ከቆሻሻው ጋር ማጨድ

በጥር የሐይቁን ዳር ልናጸዳ ወጣን። ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የተጣለ ጫማ፣ ምን የሌለ አለ። ብዙው ቆሻሻ የተጠላለፈው ውኃው ዳር በሚበቅለው ቄጠማ መሰል ተክል፣ በደንገሉ ውስጥ ነው። ማጭድ ይዘን ስለነበር ደንገሉንም አብረን አጨድነው። ዳሩ ገላጣ ሆኖ ውኃው ወለል ብሎ ሲታይ ቆንጆ መሰለን።

ትንሽ ቆይቶ አንድ አባት በታንኳ ቀስ ብለው ቀረቡ። ዓሣ አጥማጅ ናቸው። የታጨደውን ክምር አዩት፣ እኛን አዩን። «ልጆቼ፣ ይቺ ታንኳ በምን የተሠራች መሰላችሁ?» አሉን። አልተቆጡም። ብቻ ጠየቁን።

የደንገል ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከወራት በኋላ በአዲስ መተካት አለበት። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም። ከሐይቁ ጋር ለኖሩት፣ በተለይ ለነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ፣ ደንገል የኑሮ መሣሪያ ነው። ይህ ብቻም አይደለም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ተክል ባለበት ዳር ላይ ነው። ከከተማው የሚወርደውን ደለልና እድፍ ቀድሞ የሚይዘውም ይኸው ረግረግ ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ደለል ይጎዳዋል። የሐይቁ አካባቢ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ አብረው እንዲኖሩ የሚጠበቅ ቦታ) ሆኖ የተመዘገበው ረግረጉም ደኑም ጭምር ዋጋ ስላለው ነው። እኛ ጸዳ ያልነው ከዚያው ላይ ቀንሰን ነው።

አሁን ማንኛውንም ነገር ከመንካታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ይህን የሚጠቀምበት ማን ነው? ቆሻሻ በእጅ ይለቀማል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይቻላል።

ለጥቂት ደቂቃ ጣና ዳር ስላለችው ስለ ዘጌም ላንሣ። ከእኛ ውስጥ አንዳንዶቹ ስለ ደን ጥበቃ «ግንዛቤ ለመፍጠር» ጀልባ ተሳፍረው ዘጌ ሄደው ነበር። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። እዚያ ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ የቆየ ሥርዓት ነው ይላሉ። ሰው የሚኖረው ከዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና ነው። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው። ደብተርና ብዕር ይዞ ለመማር የሚኬድበት ቦታ ነበር።

እምቦጭ ነቅሎ ዳር ላይ መከመር

እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ጣና ላይ መታየቱ በይፋ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም ገደማ ወዲህ ብዙ ዘመቻ ተደርጓል። በጣም የተጎዳው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው ዳር ነው፤ ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ። እኛም አንድ ቀን በአውቶቡስ ሄደን ስንነቅል ዋልን። ማታ ዘፈን እየዘፈንን ተመለስን። የነቀልነው ግን ከውኃው ጥቂት እርምጃ ርቆ ተከምሮ ቀረ።

እምቦጭ ከትንሽ ቁራጭ ይበቅላል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደግሞ ደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ውኃው ሲሞላ ክምሩን መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ አበባው ዘር ሳይዝ ይነቀላል፣ ውኃው ከማይደርስበት ይወሰዳል፣ ደርቆ ይቃጠላል። ማን እንደሚያደርቀውና ማን እንደሚያቃጥለው ሳትነጋገሩ አትነሡ። የአካባቢው ገበሬ ለዓመታት በእጁ ሲነቅል የኖረ ነው። እሱ ይምራችሁ።

ሌላው ጤናችሁ ነው። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ በቆዳ በኩል የሚይዝ በሽታ ነው። እኛ ብዙዎቻችን ባዶ እግራችንን ነበር የገባነው። ረጅም ቦት ጫማና ጓንት ሳይኖር አትግቡ። ገብታችሁ ከነበረ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። መድኃኒት ያለው በሽታ ነው።

ቡናቸውን እምቢ ማለት

ከሁሉም ብዙ ያከራከረን ይሄ ነው።

ዓመቱን ስንጀምር አንድ ደንብ አውጥተን ነበር፦ ከምንረዳው ሰው ቤት ምንም አንቀበልም። ለመልካም ነበር። ሰው ላይ ሸክም እንዳንሆን። እማማ ቤታቸው ተሠርቶ ያለቀ ዕለት ረከቦቱን አቅርበው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው ጠበቁን። ንፍሮም ነበር። እኛ በር ላይ ቆመን «እማማ፣ እግዜር ይስጥልን፣ እንቸኩላለን» አልን። «እንዴ ልጆቼ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉ። ይህን ቃላቸውን አልረሳውም።

ያደግንበትን ነገር ረስተን ነው። በጎጃም ደቦ ሲጠራ ባለቤቱ ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ያስጋግራል። ወንፈል ከሆነ ነገ በተራው የእናንተን ይሠራል። ቤት የተሠራለት ሰው የሚመልሰው ነገር አለው። ያን ስትወስዱበት ጎረቤት የነበረውን ሰው ተመጽዋች ታደርጉታላችሁ። እኛ በጎ ፈቃድ የምንለውን ነገር እማማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ደቦ ብለው ያውቁታል። የእኛ ደቦ ግን ባለቤቷን በር ላይ ትቶ የሚሄድ ሆነ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቡናውንና ስኳሩን እናንተ ይዛችሁ ሂዱ። ማፍላቱንና መመረቁን ለባለቤቷ ተዉ። ተቀመጡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ጠጡ።

ሌላ ጥቅምም አለው። በየካቲት ደንባችንን ሽረን እማማ ቤት ቡና ጠጣን። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ማታ ማታ ሽንት ቤት ለመሄድ እንደሚፈሩ ነገሩን። መንገዱ ይንሸራተታል፤ ባለፈው ዓመት ወድቀው እጃቸው ተጎድቶ ነበር። ሰባት ወር ስንመላለስ ይህን አናውቅም። እንጨት ተክለን የሚይዙት ገመድ ወጠርንላቸው፣ መሬቱ ላይ ጠጠር ደፋን። ግማሽ ቀን አልፈጀም። ዛሬም ሳገኛቸው የሚመርቁኝ በዚያ ገመድ ነው።

የተቀባዩን ፊት ፎቶ ማንሣት

የፋሲካ ዋዜማ ዘይትና ዱቄት አከፋፈልን። ፎቶ አነሣን፣ ቴሌግራም ላይ ለቀቅን። አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ለመሸፈን ሲሞክሩ ፎቶው ላይ ይታያል። እኛ ሳናይ ነው የለቀቅነው። ልጃቸው ከምናስጠናቸው ተማሪዎች አንዱ ነበር። ከበዓል በኋላ መምጣት አቆመ። የክፍል ጓደኞቹ ፎቶውን አይተውት ኖሯል።

«አስፈቅደን ነው» የሚሉ አሉ። ዘይቱን በእጁ የያዘ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። ይህን ፈቃድ አትበሉት። ለሪፖርት ፎቶ ካስፈለገ የተደረደረውን ዱቄት አንሡ፣ የምትሸከሙትን የራሳችሁን ልጆች አንሡ። ያ ልጅ እስካሁን አልተመለሰም። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጃለሁ።

ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ደም መስጠት

ደም መስጠት ጥሩ ነው፤ 18 ዓመት የሞላውና 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ጤናማ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ስህተቱ 14ታችንም አንድ ቀን ተሰልፈን መስጠታችን ነው። የተለገሰ ደም አይከርምም። ቀይ የደም ሕዋስ የሚቆየው 35 ቀን ገደማ ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ደግሞ 5 ቀን ብቻ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ከመካከላችን መስጠት የሚችል አልነበረም። በዚያ መሃል የአንዳችን አክስት በወሊድ ደም ሲያስፈልጋቸው ከሌላ ሰው ለመንን። አሁን በሦስት ተከፍለን በየወሩ ተራ ገብተናል።

እድሩን መዝለል፣ ወይም በእድሩ ብቻ መቆም

የችግረኞችን ዝርዝር መጀመሪያ ከቢሮ በተሰጠን ወረቀት ነው የሠራነው። አንዳንዱ ስም ቤት ቀይሯል፣ አንዱ ዐርፏል። ማን የት ታሞ እንደተኛ የሚያውቀው የእድሩ ዳኛ ነው። መጀመሪያ እሳቸውን አማክሩ።

ግን እዚያም አትቁሙ። በጣም የደኸየ ሰው የእድር መዋጮ መክፈል አቅቶት ከእድር የወጣ ነው። ተከራይቶ የሚኖረው፣ ተፈናቅሎ የመጣው፣ በቀን ሥራ የሚያድረው፣ በእድሩ መዝገብ ላይ የለም። እነሱን የሚያውቋቸው የሱቅ ነጋዴዎችና የውኃ ቦኖ ጠባቂዎች ናቸው። እኛ ይህን የደረስንበት ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ነው።

ችግኝ ተክሎ መሄድ

ሐምሌ ተከልን። በመጋቢት ስናይ ከመንገድ ዳሩ ላይ የቀረ የለም ማለት ይቻላል፤ ከብት በልቶታል፣ ጠሐይ ጨርሶታል። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተከልነው ዋንዛ ግን ቆሟል። ዘበኛው ውኃ ሲያጠጡት ኖረዋል። ጠባቂ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ትከሉ።

ከእኛ በፊት ሰው እንዳልነበረ ማሰብ

አንድ አባባ ቲሸርታችንን አይተው «ዘማች ናችሁ?» አሉን። ሳቅን። ቀስ ብለው ሲነግሩን ግን ዝም አልን። በ1967 ዓ.ም በእድገት በሕብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲወጡ እሳቸው አንዱ ነበሩ። ከዚያ በፊትም በ1950ዎቹ መጨረሻ የጀመረ አሠራር ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግል ነበር፤ ብዙዎቹ በመምህርነት። በቅርቡ በ2013 ዓ.ም ደግሞ ወጣት ምሩቃን ከአካባቢያቸው ውጭ ሄደው የሚያገለግሉበት ብሔራዊ ፕሮግራም ተጀምሯል።

እኚህ አባት «ገበሬው ማታ ማታ ነበር የሚያስተምረን» አሉ። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ስጧቸው። ምን ተሳሳታችሁ ብላችሁ ጠይቋቸው። ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል።

ዓመቱን በመጨረሻው ቀን ማስታወስ

ግምገማ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። በሰኔ ቁጭ ብሎ ሐምሌን ማስታወስ አይቻልም። የሚታወሰው ፎቶ ያለው ነገር ነው። እኛን ያዳነን አንዷ ልጅ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ሦስት አራት መስመር ትጽፍ ስለነበር ነው። «ዛሬ እማማ ቡናውን ብቻቸውን ጠጡ» የሚል መስመር ነበረ። ቀኑም አለ። ያ ባይኖር ደንቡ ስህተት እንደነበር በዚያ ማታ ባላመንን።

የሲቪውንና የሰርተፊኬቱን ጽሑፍ ለይታችሁ ጻፉት። እሱም ያስፈልጋል፤ ሥራ መፈለግ ነውር አይደለም። በግምገማው ቀን ግን ያን ወረቀት ቤት ተዉት። የመጀመሪያውን ቃል ብዙ የማይናገረው ሰው ይናገር። ብንችል ኖሮ እማማንና አናጺውንም ጠርተን እናስቀምጣቸው ነበር። በሚቀጥለው እንጠራቸዋለን።

ልጆቹን ሳያስረክቡ መበተን

በክልላችን ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። የምናስጠናቸው ልጆች አንዳንዶቹ ስድስተኛ ክፍል ሆነው ማንበብ ይቸግራቸው ነበር። በዓመት ውስጥ ጥሩ ለውጥ አየን። ከዚያ ዓመታችን አለቀ። ለእነሱ ግን ምኑም አላለቀም። አንዲት ልጅ «ሰኞስ?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም።

ማስረከብ ከሚያዝያ መጀመር ነበረበት። እኛ በሰኔ ተሯሯጥን። ደግነቱ ካስጠናናቸው ውስጥ 11ኛ ክፍል የደረሱ ሁለት ልጆች ታናናሾቻቸውን ለማስጠናት ፈቃደኛ ሆኑ፤ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርም በሳምንት ሁለት ቀን ሊመጡ ቃል ገቡ። የክፍሉን ቁልፍ፣ የልጆቹን ስም፣ ማን ምን ላይ እንደሚቸገር የጻፍንበትን ደብተር አስረከብናቸው።

የእማማን ጣራ አናጺው አብረውን ወጥተው አዩት። ጎድጓዳው ላይ የነበረው ምስማር ተነቅሏል፤ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ በጉብታው በኩል እንደገና ተመቷል። ባልዲው ከአልጋው ራስጌ ተነሥቷል። ምርጉ ለጥቅምት ተቀጥሯል። ጭዱን ከአሁኑ ገዝተን እማማ ጓዳ አስቀምጠናል፤ ቡናውን እኛ ይዘን እንሄዳለን። ጭቃው ቀደም ብሎ ስለሚቦካ፣ እግራችሁን ልታበድሩን የምትፈልጉ መስከረም መጨረሻ ላይ ኑ።